ትንሽ ቀደም ብሎ

ከጅማው መንገድ ወረድ ብሎ፣ ዓለም ገና፣ ከሲሚንቶ መጋዘኑ ወዲህ፣
ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሸራ የሆነ ጋራዥ አለን፣ እዚህ።
ዛሬ የገባችው የመምህር ወርዶፋ ሚሌቼንቶ ናት፤
ቀለሟ የኮክ ልጣጭ፣ እኔን የምትበልጠኝ በሠላሳ ዓመት።
ሜዳው ላይ ደህና ናት፤ የፉሪ ዳገት ሲመጣ ታቃስታለች፣
ቤንዚን ሲሰጧት በጭስ ማውጫዋ ታስነጥሳለች።
"ካርቡራተሯ ነው" ይላል ጎሚስታው፣ ሳይጠይቁት፤
"ይሽጧት" ይላል የሲኖው ሾፌር፣ ሳያውቃት።

ጋሽ ደቻሳ አልመለሰም። ክዳኑን ፈንቅሎ አነሣ።
እሱ ስፒንተሮጀኖ ይለዋል፣ ጣሊያን ጋራዥ የተማረ ስለሆነ፤
እኔ ዲስትሪቢዩተር እላለሁ፤ ስሙ ምን ቢሆን፣ ምን ሆነ?
አራት በር ባለው ጠባብ ግቢ አንዲት ጣት እየዞረች፣
አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት፣ በተራ ታንኳኳለች።

ፑንቲናው ተበልቶ ነበር፤ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት።
ክፍተቱን የምንለካው (መለኪያችን ከጠፋ ሦስት ዓመቱ)
በታጠፈ የሞባይል ካርድ ነው፤ እሱንም ከመምህሩ ተበደርኩት።

የአንደኛውን ካንዴላ ፈትቼ ቀዳዳውን በአውራ ጣቴ ደፈንኩ፤
መምህሩ በአራተኛ ማርሽ ከኋላ ሲገፏት ጠበቅኩ።
ነፋሱ መጣ። ጣቴን ገፋው፣ እንደ ጥጃ አፍንጫ።
"ቁሙ!" አልኩ። ቆሙ። ከደረት ኪሳቸው፣ ጡረታ ያላስጣላቸውን
ጠመኔ አውጥተው ቀቡልኝ የፑሌጃውን ጭረት፣ የማይታየውን።
ጋሽ ደቻሳም ተቀብሎ ከዲስትሪቢዩተሩ አንገት እስከ ብሎኩ
አንድ መሥመር ጎተተ፣ ሁለቱን የሚነካ፣ በልኩ።

ከዳሽቦርድ የፈታናት አምፖል፤ አንድ ሽቦ ለፑንቲናው፣
አንዱን ለብረቱ ሰጠን። ከእንግዲህ ብርሃን ነው የሚያወራው።

"ጫፍ ላይ ሲደርስ አይደለም" ይለኛል፤ ስንቴ ብሎኛል፤
"እሳት እንደ ሰው ነው፤ ሲጠሩት ወዲያው አይነሣም፣ መታጠቂያ ጊዜ ይሻል።
ፒስተኑ አፋፍ ላይ ቆሞ ከጠበቀው ዘግይቷል፤
ከሥር ከለኮስሽው ደግሞ ደረቱን ብሎ ይመልሰዋል።
ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ትንሽ።" ጣቶቹን አጥብቦ ያሳየኛል፤
በመሐላቸው የሰማይ ክር ይታያል።

አምፖሏ በራች። ብሎኑን አጠበቀ።

ዳገቱን ያዝን። እሱ ከፊት፣ መዳፉ ዳሽቦርዱ ላይ ተዘርግቶ፣
እኔ ከኋላ፣ መስኮቴ ተከፍቶ።
ሰማሁት። ስስ ነው፤ የሳንቲም ከረጢት የሚነቀነቅ ዓይነት፣
ቅጭልጭል፣ ቅጭልጭል፣ ከብረቱ ጥልቀት።
ቀድሟል።
ድሮ አስፋልት ላይ የምታልፍን መኪና፣ ከአጥራችን ውስጥ ተቀምጦ፣
"ባልቦላዋ ላልቷል" ብሎ ይፈርድ የነበረ ጆሮ፣
ከዚህ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ምንም።
ዞር ብሎ አየኝ። "ልክ ናት!" አለ፤ ጥርሱ ሁሉ ታየ።
አንገቴን ነቀነቅሁለት።

ጫፉ ላይ ቆምን። ሞተሩን አላጠፉትም፣ እንዳትቀር ፈርተው።
ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ግብር እያወሩ ባሕር ዛፉን ዞረው
እስኪመለሱ፣ ብሎኑን አላላሁ፤ አንገቱን ይዤ መለስኩት፣
የጠመኔ መሥመር ታህል፣ ወይ ከዚያ ታንሳለች፤ በጆሮዬ ለካሁት።
ከታች ከተማው፣ ፎቁ ሁሉ ፌሮውን ወደ ላይ እንዳቆመ፣
እንደ ስሙ፣ ገና።

አዙረን እንደገና ወጣነው፤ መምህሩ እንደ ተማሪ ሳቁ።
ጋሽ ደቻሳ መዳፉን ካስቀመጠበት አላነሣም።

ጋራዡ ደጅ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፤ ቆየ።
ሁለት ቦታ የተቆረጠውን ነጭ መሥመር አየ፣
ከዚያ ጣቴ ላይ የቀረውን ጠመኔ አየ።
ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠርጎ ኪሱ ከተተ።
ስለ መኪናዋ ምንም አላለ።
"ነገ" አለኝ፣ "ትንሽ ቀደም ብለሽ ነይ።"